ተጣርቶ ይታይ

ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ወንፊት ሠሪው ነኝ። ይዋሻል ብላችሁ የምትጠረጥሩኝ ካላችሁ አጣርታችሁ ስሙኝ፤ ድሮም ሥራዬ እሱ ነው። የአገሪቱን ስም ግን አልነግራችሁም። ስሟን መጥራት የተከለከለው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ለምን እንደተከለከለ መጠየቅ ደግሞ ከተወለድኩ በኋላ ተከለከለ። ስለዚህ አገራችን እያልኩ እቀጥላለሁ።

አገራችን ወንድ ያነሰባት አገር ነበረች። ወንዶቹ አልሞቱም። በምሥራቁ ድንበር ጭጋግ ስላለ፣ ጭጋጉ ወደ አገር እንዳይገባ ይጠብቁ ብለው ንጉሡ ለአንድ ክረምት ልከዋቸው ነው። ጭጋግ መጠበቅ እንደምታውቁት ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። አንዱ ክረምት ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ስድስት ሆነ፣ ይህ የምነግራችሁ ነገር በሆነበት ጊዜ አሥራ ሁለተኛው ገብቶ ነበር። በየዓመቱም «ለአንድ ክረምት ብቻ» የሚል አዋጅ ይነገራል። ከተማ የቀረነው ሹማምንቱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ በሽተኛ ነን ብለን ያስመሰከርንና ደጅ ጠንተን ስማችንን ያስፋቅን ነበርን። እኔ ከየትኞቹ እንደነበርኩ ለዛሬ ይለፈኝ።

ይህም ባልከፋ ነበር፤ ግን የዱካ ሕግ የሚባል ነበረን። ሴት በሠርግም ሆነ በለቅሶ፣ በማኅበርም ሆነ በችሎት ስትቀመጥ ከጎኗ አንድ ዱካ ይደረግላታል። ዱካው ላይ ወንድ ካልተቀመጠ ሠርገኛው አያስተናግዳትም፣ ለቀስተኛው እግዜር ያጥናሽ አይላትም፣ ዳኛው ቃሏን አይሰማም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ወንድ እንዲህ ይጠፋል ብለው አላሰቡም። ሲጠፋም ሕጉን ስለመለወጥ ያሰበ ሰው አልነበረም። ደግነቱ ሕጉ ወንዱ የማን መሆን እንዳለበት ምንም አይልም።

ዱካ ሞዮች የበቀሉት ከዚህች ክፍተት ነው። ጭጋጉ ያሳላቸዋል ተብለው ከድንበር የተመለሱ፣ እየተቀጠሩ ከሴት ጎን የሚቀመጡ ወንዶች ነበሩ። ሪዛቸው የተከረከመ፣ ጋቢያቸው የጸዳ ነው። ሠርግ ላይ ያጎርሳሉ፣ ለቅሶ ላይ ይተክዛሉ፣ ችሎት ላይ በየመሀሉ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ሲያበቃ ሴትዮዋን እስከ ቤቷ ያደርሳሉ። ከደጃፉ ወዲያ ስላለው ነገር ሕጉ አይጠይቅም፤ እኛ ግን ከመጠየቅ በቀር ሌላ ሥራ አልነበረንም። አንዳንዱ ደጃፍ ላይ ተሰናብቶ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ሲነጋ ይወጣል። ያልቀጠረች ሴት አልነበረችም፤ ቀጥሬያለሁ ያለችም አልነበረችም። ሲጠየቁ «የአጎቴ ልጅ ነው» ይላሉ። አንለይ የሚባል አንድ ዱካ ሞይ ለከተማው እኩሌታ የአጎት ልጅ ነበር።

ጎረቤቴ ደብሪቱ አንለይን ከሚቀጥሩት አንዷ ናት። ባሏ ጭጋግ ጥበቃ ከሄዱት ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነው የሄደው። አባቷ ያወረሷት አንዲት ማሳ ወንዝ ዳር ነበረቻት፤ ከሷ ሌላ የምትበላው የላትም። አንድ ቀን የቤተ መንግሥት በቅሎዎች መንገድ ስተው ገቡና ግጠው ወደዷት። የበቅሎዎቹ ሹምም በቅሎዎቹ የወደዱት መሬት የበቅሎዎቹ ነው ብሎ አጥር አጠረባት። ደብሪቱ ከሰሰች። አዛዥ ሞገሴ የሚባሉት ዳኛ ስድስት ዓመት ሙሉ በቀረበች ቁጥር የሚሏት አንድ ነገር ነው፦ «ጉዳይሽ ተጣርቶ ይታያል።»

ስድስቱንም ዓመት ከጎኗ ዱካው ላይ የተቀመጠው አንለይ ነው። የክርክር ዱካ ደግሞ አይለወጥም። በመጀመሪያው ቀን የተቀመጠው ወንድ እስከ ፍርዱ ድረስ እሱ ራሱ መቀመጥ አለበት፤ ያለዚያ ክርክሩ እንዳልተጀመረ ይቆጠራል።

ከችሎት ሲመለሱ ደጄ ላይ ተቀምጬ ወንፊት እየወጠርኩ አያቸዋለሁ። ይገባ ይሆን ወይስ ይሰናበታት ይሆን እያልኩ ስመለከት ወስፌው ስንት ቀን ወግቶኛል። አንዳንድ ቀን ይገባል። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ጆሮዬን አስጠጋለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ሰው ነኝ። የምሰማው ግን የሷን ድምፅ ነው። ስለ ማሳው፣ ስለ ባሏ፣ ስለ ጉልበቷ ቁርጥማት ታወራለች። ዝም ስትል እሱ «ከዚያስ?» ይላታል። ሌላ ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። መልኩ እንኳ ያን ያህል አልነበረም።

አሁን ወደ አጋፋሪ ደምለው እንምጣ። የአደባባዩ ሹም ነበሩ፤ ሥራቸው ሕዝቡን ሰብስቦ አዋጅ ማሰማት ነው። ሕዝቡ ግን መምጣት ትቷል። ነጋሪት ይጎሰማል፣ አዋጅ ነጋሪው ይጮኻል፣ የሚያዳምጠው አንድ ውሻና አንድ ጆሮው የደነቆረ ዘበኛ ነው። በሕጋችን ደግሞ ሰሚ ያላገኘ አዋጅ አይጸናም። የጭጋጉ አዋጅ የሚታደስበት ወቅት ሲቃረብ ንጉሡ አጋፋሪውን አስጠርተው፣ አደባባዩ ካልሞላ ጭጋጉን አንተ ሄደህ ትጠብቃለህ አሏቸው። አጋፋሪው ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም ይባላል።

በአራተኛው ቀን ገበያ መሀል ሲያልፉ አንድ ነገር አዩ። ሁለት ሴቶች ስለ አንድ ዱካ ሞይ፣ ዛሬ ጠዋት ከማን ቤት እንደወጣ በሹክሹክታ ያወራሉ። ሁለቱ አሥር ሆኑ፣ አሥሩ አርባ ሆኑ፣ ጨው ሻጯ ጨውዋን ጥላ መጣች። አንዲትም ሴት ጮክ ብላ አልተናገረችም፣ አንድም ሰው ግን አልሰማሁም አላለም። አጋፋሪው እዚያው ቆመው፣ ሕዝቡ ጆሮ ሳይሆን ወሬ ነው ያጣው አሉ። በማግስቱ አናጢዎች ነጋሪቱ አጠገብ ቤት ይሠሩ ጀመር። ሦስት ግድግዳ ሠርተው በአደባባዩ በኩል ያለውን ተዉት።

በትእዛዝ አምስት ዱካ ሞዮች ተመርጠው እስከ ክረምቱ መጨረሻ እንዲኖሩበት ገቡ። አራቱ በመልካቸው ተመረጡ። አንለይ የተመረጠው የስንት ሰው የአጎት ልጅ እንደሆነ አጋፋሪው ስለሰሙ ነው። ከምሳ በኋላ ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሕዝቡ ያያቸዋል። ይበላሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ በማበጠሪያ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። በየተራም መሀል ላይ በተቀመጠ ቀይ ዱካ ላይ ወጥተው ወደዚህ ሥራ እንዴት እንደገቡ፣ ሴቶች ምን እንደሚጠይቋቸው ስም ሳይጠሩ ይናገራሉ። ስሙን የምናሟላው እኛ ነን።

በመጀመሪያው ቀን ቤቱ የቀረ ሰው አልነበረም። የሽማግሌዎች ጉባኤ በጣም ተቆጣ፤ ለመቆጣት የሚመች ቦታ እንዳያልፈው ከሁሉ ቀድሞ ከፊት ተቀመጠ። በማግስቱ ወደ ንጉሡ አቤት አሉ፦ ይህ ጨዋታ እንዳለ መታየት የለበትም፣ ተጣርቶ ይታይ። ክፉ ክፉው ይውጣ ማለታቸው ነበር። ንጉሡም «ተጣርቶ ይታይ» የሚለውን ቃል ማኅተም አድርገውበት ወደ አጋፋሪው ላኩት።

አጋፋሪ ደምለው ጨነቃቸው። ክፉ ክፉው ከወጣ የሚቀረው ቤቱ ብቻ ነው። ወረቀቱን ይዘው ነጋሪቱ ላይ ተቀምጠው ሳለ እኔ ወንፊቶቼን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ አለፍኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዛሬ እናገራለሁ። ምን እንደያዝኩ ጠየቁኝ፤ ወንፊት ነው ጌታዬ አልኩ። ምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። ዱቄት ይነፋል ማለት ነበረብኝ። ለሹም ሲመለስ ከበድ ያለ ቃል ይመረጣልና፣ «ያጣራል» አልኩ። አጋፋሪው ብድግ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

አዋጁ በማግስቱ ወጣ። ቤቱን የሚያይ ሰው ሁሉ ፊቱን በወንፊት ከልሎ ያያል፤ በወንፊት ያለፈ ነገር የተጣራ ነው፤ የተጣራ ነገር ደግሞ ንጹሕ ነው። ሽማግሌዎቹ ረኩ፤ ቀድመው የገዙኝም እነሱ ናቸው። የጉባኤው መሪ ዓይኔ ደክሟል ብለው ቀዳዳው ሰፋ ያለውን የገብስ ወንፊት አዘዙ። ዳኛው አዛዥ ሞገሴም ዓይናቸው ደክሞ ኖሮ ያንኑ ወሰዱ። በአንድ ወር ውስጥ የከተማው ፈረሶች ሁሉ ጭራ አልባ ቀሩ፤ ወንፊት የምወጥረው በፈረስ ጭራ ነውና። ዝንብ ሲወርራቸው መከላከያ አጥተው ይቁነጠነጡ ነበር፣ አሳዘኑኝ፤ መቁረጤን ግን አልተውኩም።

ወንፊቱ ያልታሰበ ጥቅምም ነበረው፤ ፊት ይሸፍናል። እዚያ ቦታ ዓይኔን ብመልስ ይፍሰስ ያሉት ሁሉ ጎን ለጎን ቆመው ያያሉ፤ ማንም ማንንም አያይም፤ ሰላምታም የለም። መጥተው የሚያዩት ለመጸየፍ መሆኑ እንዲታወቅ ደግሞ የኤጭ አለቃ የሚባል ሹም ተሾመ። በየመሀሉ ሁለት እንጨት ያጋጫል፣ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ኤጭ» ይላል፣ ተመልሶ ያያል። አንዳንዱ ጨዋታው ሲጥመው ኤጩን ቶሎ ብሎ ይገላገለዋል።

በዚህ ሁሉ መካከል አዋጅ ነጋሪው አንድ ጥግ ላይ ቆሞ ያነባል። ሕዝቡ ቤቱ ውስጥ የሚወራው እንዳያመልጠው «እሽሽ» ይለዋል፤ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቀጥላል። ጸሐፊው ደግሞ «ሕዝቡ በጸጥታ ተቀበለ» ብሎ ይጽፋል። የአሥራ ሦስተኛው ክረምት አዋጅ እንዲህ ሆኖ ጸና። ባሎቻቸውን ድንበር ላይ ያስቀሩት ሴቶቹ ራሳቸው ዝም በልልን እያሉ ነው። እኔም እሽሽ ብያለሁ፤ ከአምስቱ አንዱ፣ ጎፈሬው፣ ማበጠሪያ ሰርቀሃል ተብሎ ሲምል ነበርና።

ሰው ያን ቤት ምን ብሎ ወደደው ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ አለኝ። እኔ ሻጭ ስለሆንኩ ዳር ቆሜ የማየው ተመልካቹን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ደረትና ክንድ ያይ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ጎፈሬው ያለወትሮው ጭጭ አለ። አንለይ አጠገቡ ሄዶ ተቀመጠ። ጎፈሬው፣ እናቴ ስትሞት አልነበርኩም አለ። አንለይ «ከዚያስ?» አለው። ያ ቅንጡ ሰውዬ ፀሐይ እስክትጠልቅ አወራ፤ አንለይም ፀሐይ እስክትጠልቅ ሰማው። የኤጭ አለቃው እንጨቶቹን ማጋጨት ረሳ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚመጣው ሕዝብ ደረት ፍለጋ አልመጣም። ሰው ሰውን ሲሰማ ለማየት ነው የመጣው፤ ቤቱ ያጣውን። ይህን ግን የሚናገር ስለሌለ ሁሉም ጸያፍ ነገር አየሁ እያለ ይመለሳል። የሹማምንቱ ሚስቶች ባሎቻቸውን ከዚያስ በሉን ብለው አስቸገሩ፤ ባሎቹም ጫማቸውን እያሰሩ ከዚያስ ይላሉ፣ ሆኖም አልሆነላቸውም።

በዚህ መሀል የደብሪቱ የፍርድ ቀን ደረሰ። አንለይ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ክረምቱ ሳያልቅ አይወጣም። ወደ አጋፋሪው ሄዳ ለግማሽ ቀን እንዲፈቱላት ለመነች። ጨዋታ ይበላሻል አሏት። ይልቅ ማን እንደሆነችና ምኗ እንደሆነ በቀዩ ዱካ ላይ ወጥታ ብትናገር ደስታውን አንችለውም ብለው ሳቁባት። ከዚያ ወደኔ መጣች።

«ጋሼ ቢምረው፣ ፍርዴ ነገ ነው» አለችኝ። «አንለይ ከጎኔ ከሌለ ስድስት ዓመቴን ውኃ በላው።»

እኔም እንደ ትልቅ ሰው መከርኳት። ነገሩን ተዪው፣ እሱን ፍለጋ አደባባይ ከወጣሽ ስምሽ ይጠፋል አልኳት።

«ስሜን ዘርቼ አልበላው» ብላ ሄደች።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ፣ በቀጠሮዋ ሰዓት ችሎት ስትደርስ በሩ ተዘግቷል። ዘበኛው አዛዥ ሞገሴ አደባባይ መሆናቸውን ነገራት። ጨዋታው ከተጀመረ ወዲህ ከምሳ በኋላ ችሎት የለም። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ቁልቁል ወደ አደባባይ ወረደች። የበሩ ጠባቂ ወንፊት አልያዝሽም ብሎ ከለከላት።

«እኔ ልታይ እንጂ ላይ አልመጣሁም» አለችው። እሱም ስለሚታይ ሰው የታዘዘው ነገር ስለሌለ አሳለፋት።

በሕዝቡ መሀል ሰንጥቃ ሄዳ፣ ግድግዳ በሌለው በኩል ወደ ቤቱ ወጣች። አንለይ ልብስ እያሰጣ ነበር። አያት፤ እጁን በጋቢው አደረቀ፤ ዱካ አምጥቶ አስቀመጠላት፣ ሌላ ዱካ ከጎኗ አድርጎ ተቀመጠ። ስድስት ዓመት የሠራውን ነው የሠራው። ሕዝቡ አዲስ ጨዋታ የመጣ መስሎት ተጠጋጋ። አጋፋሪው ደስ ብሏቸው ማንም እንዳይነካት በእጃቸው ምልክት ሰጡ።

ደብሪቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ አዛዥ ሞገሴ እዚህ እንዳሉ አውቃለሁ፣ በሕጋችን ዳኛ የተቀመጠበት ቦታ ችሎት ነው፣ ዱካዬም ሞልቷል አለች። ከፊት ረድፍ አንድ የገብስ ወንፊት ቀስ ብሎ ወረደና የዳኛው ፊት ታየ። ሕጉ እንዳለችው ስለነበር፣ ተናገሪ አሏት። ስለ ማሳው ተናገረች፤ ስለ በቅሎዎቹ፣ ስለ አጥሩ፣ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች ተናገረች። መሀል ላይ ንግግሯን አቋርጣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ከዚያስ?» አላት አንለይ።

«ከዚያማ ጠበቅኩ» አለች። «ባሌን አሥራ ሁለት ክረምት ጠበቅኩ፤ እሱ ጭጋግ ይጠብቃል፣ እኔ እሱን እጠብቃለሁ። ይሄ ሰው የአጎቴ ልጅ አይደለም። ዱካ ላይ እንዲቀመጥልኝ የቀጠርኩት ነው፤ ቤቴም ገብቷል። በዚህ አገር ስናገር የሰማኝ እሱ ብቻ ነው። እናንተም ይኸው ወር ሙሉ እሱን ልታዩ ትመጣላችሁ። ከመካከላችሁ ያልቀጠረች ካለች ወንፊቷን ታውርድ።»

አንድም ወንፊት አልወረደም። የቀጠሩት ስለቀጠሩ፣ ያልቀጠሩትም እዚያ መገኘታቸው እንዳይታወቅ። ዳር የታሰሩት ጭራ አልባ ፈረሶች ብቻ ይቁነጠነጡ ነበር። እውነት እላችኋለሁ፣ በዚያች ሰዓት አንድ ሰው ቢንቀሳቀስ ሁላችንም እንነሣ ነበር።

አዛዥ ሞገሴ ተነሡ። ጉዳዩ ስድስት ዓመት እንደቆየ፣ ከዚህ በላይ ማቆየት ለፍርድ ቤቱ ክብር እንደማይሆን ተናገሩ። ወንፊት በፊታቸው ያዙ፤ በወንፊቱ ውስጥ ደብሪቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አሉ። ከዚያ «ጉዳዩ ተጣርቶ ታይቷል» አሉ። «ተዘግቷል። ማሳው የበቅሎዎቹ ነው።»

የኤጭ አለቃው እንጨቶቹን አጋጨ። ሰዓቱ ደርሶበት ነው፣ ክፋት አልነበረውም። ሕዝቡም እንደልማዱ በአንድ ድምፅ ኤጭ አለ። በዳኛው ይሁን በደብሪቱ ማንም አልለየውም። እሷ ግን በሷ ነው የመሰላት፤ ፊቷ ላይ አየሁት። አንለይ ክንዷን ይዞ አስነሣት፤ ከቤቱ አወረዳት፤ በሕዝቡ መሀል ይዟት ወጣ። ጨዋታው ተቋረጠ ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ሁለቱም ከዚያ ቀን በኋላ ከተማው ውስጥ አልታዩም። በወዲያኛው ሳምንት አንለይን የሚተካ ሰው ገባ፤ ከዚያስ ማለትን ተምሯል፣ ግን የሚለው ወደ ሕዝቡ እያየ ነው። ሕዝቡ እሱንም ወደደው። ከግድግዳዬ ወዲያ አሁን ድምፅ የለም፤ ጆሮዬን አሁንም አስጠጋለሁ።

አንድ ነገር ዘልዬባችኋለሁ። ዳኛው ደብሪቱን ያዩበት ወንፊት ያ የገብሱ አልነበረም። ሲነሡ እሱን አስቀመጡትና እኔ ወደቆምኩበት እጃቸውን ዘርግተው፣ ጥቅጥቁን ስጠኝ አሉኝ። ሁለት ይዤ ነበር። አንደኛው ክፍት ነው፣ ሌላው ሦስት ድርብ የወጠርኩት፣ ዓይን ላይ ቢያደርጉት ቀንና ሌሊት የማይለይ። የለኝም ማለት እችል ነበር። ሰጠኋቸው።

ሲጨርሱ እያገላበጡ አዩትና መለሱልኝ። «ጥሩ ወንፊት ነው» አሉ፤ «ምንም አያሳልፍም።»

እኔም እጅ ነሥቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ አልኩ።